በአጥሩ መሃል ያለችው በር

ከአዳማ በማለዳ የተነሳሁት የልጄን ቤት ልሸጥ ነው። ልጄ ሰላም ጀርመን ትኖራለች። በልጅነቷ ያሳደገቻት እህቴ አስካለ በደሳ ከተማ ውስጥ ስትሞት ቤቷን ለእሷ ተናዘዘች። ሰላም መምጣት ስላልቻለች ውክልና ላከችልኝ፤ በሽያጩ ገንዘብ ትምህርቷን ትጨርሳለች። የልጅን አደራ ለሌላ ሰው መስጠት ስንፍና ነው ብዬ ብቻዬን ወጣሁ።

ጭሮ

ሚኤሶ ላይ ሙቀቱ አውቶቡሱን ምድጃ አድርጎት ነበር። ዳገቱን ስንጀምር ነፋሱ ቀዘቀዘ። ጭሮ ስንወርድ ባጃጆች ከበቡን፤ አንዱ ለአጭር መንገድ የማይገባ ዋጋ ጠየቀኝና በእግሬ ሄድኩ። እዚያ የቀጠርኩት ገዢ የጫት ነጋዴ ነው፤ ቤቱን አስቀድሞ አይቶታል። ፉል በላንና በቃል ተስማማን። ጫት ሲዘረጋልኝ አልቅምም አልኩት።

“ታዲያ እንዴት እንተማመናለን?” ብሎ ሳቀ።

በደሳ

በኩኒ በኩል በሚኒባስ፣ በቡና ጆንያ መሃል ተጣብቄ ደረስኩ። ቤቱ አቧራ ለብሷል። የአስካለ ነጠላ ጫማ ከአልጋው ሥር እንደተቀመጠ ነው። አላነሳሁትም።

ለምስክርነት ሁለት ሽማግሌዎች ለመንኩ።

“አዴ ፋጡማን ጠይቀሃል?” አለኝ አንዱ። “እዚህ አገር ቤት ሲሸጥ አጥር የሚጋራ ጎረቤት ይቀድማል።”

“ውክልናው በእጄ ነው” አልኩ።

“እንግዲያው ለአጥሩ አንብብለት!” ብለው ሳይፈርሙ እየሳቁ ሄዱ። ተናደድኩ። ሕግ የሚያውቅ ሰው በልማድ አይታሰርም ብዬ አምን ነበር።

አመሻሹ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ ከጓሮ እርምጃ ሰማሁ። አንዲት አሮጊት ሳህን ይዘው በአጥሩ መሃል ካለች ትንሽ በር ገቡ።

“ማን ነው?” አልኩ።

“ፋጡማ ነኝ፣ ኦቦ ግርማ። በዋናው በር ገብቼ አላውቅም።” ገንፎውን አስቀመጡ። “ወላሂ፣ ሽያጩን ከገበያ ሰማሁ” ብለው ሳይቀመጡ ተመለሱ።

ለሰላም ደወልኩ። ገዢ መገኘቱን ነገርኳት።

“አዴ ፋጡማ ምን አለች?”

“ገንፎ አመጡልኝ።”

“አባዬ፣ አክስቴ ስትታመም ያጠበቻት እሷ ናት። አልጠየቅሃትም?”

ወረቀት ሁሉ ይዤ ይህን አላወቅሁም ነበር።

ጠዋት ጋቢዬን ደርቤ በመንገዱ ዞሬ ሄድኩና የአዴ ፋጡማን ዋና በር አንኳኳሁ።

“የልጄን ቤት ልሸጥ ነው። መግዛት ቢፈልጉ የእርስዎ ይቅደም። ባይፈልጉም ፈቃድዎን እለምናለሁ።”

በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱልኝ። “በምን እገዛዋለሁ? ሽጥ። ሰላም ትማርበት፤ አላህ ይርዳት።”

“ገዢው ትንሿን በር እንዳይደፍን ልንገረው?”

“አስካለ ከሌለች በዚያ በኩል ወደ ማን እገባለሁ? ለባዕድ ሰው አትተዋት። አንተው ድፈናት።”

ሚስማርና መዶሻ ራሳቸው አቀበሉኝ። ስመታ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። ስጨርስ ሳንቃውን በመዳፋቸው ነካ አድርገው ገቡ። ሽማግሌዎቹ በዚያው ቀን ፈረሙልኝ።

አዳማ

ሽያጩ ተፈጸመ፤ ልጄም አመሰገነችኝ። አደራዬን ተወጣሁ። ነገር ግን ከመናኸሪያ ስመለስ ግቢዬን በሌላ ዓይን አየሁት። አጥሬ ብሎኬት ነው፤ አናቱ ላይ ጠርሙስ ሰባብሬ ተክዬበታለሁ። ሌሎቹን ልጆቼን ሳሳድግ “ከጎረቤት አትድረሱ፣ ከክርክር ትድናላችሁ” እል ነበር። ከክርክር ድነናል። ብሞት ግን ከዚያ ግንብ ማዶ ቤቴ መሸጡ የሚያስቆጨው ሰው የለም። ልጆቻችሁን አጥር ከማስተማራችሁ በፊት ሰላምታ አስተምሩ።

ሻንጣዬን ሳልፈታ ወጥቼ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

“ማን ነው?” አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ።

“ጎረቤትህ ነኝ።”

“የትኛው?”