የአባቴ መኪና ፍሬን ሲፈታ

አባቴ ስልክ ሲደውል ሰላምታ አያበዛም። በዚያ ሰሞን ግን ጭራሽ ሰላም ሳይለኝ፣ «ፍሬኗ ነክሶ ቀርቷል፤ ነይና መካኒክ ፈልጊልኝ» አለኝ። ምን ሆንክ ልለው አፌን ስከፍት ዘጋው። እኔ ደሴ ነው የምሠራው፤ እነሱ ያሉበት መካነ ሰላም ውስጥ ደግሞ መካኒክ አልጠፋም። ችግሩ እናቴ ነበረች። የመጣውን መካኒክ ሁሉ ደጃፍ ላይ ቆማ «የሉም፣ ወጥተዋል» እያለች ትመልስ ነበር፤ አባቴ እዚያው ግቢ ውስጥ መኪናውን እያጠበ።

መኪናዋ ጀርባዋ ጉብ ያለ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣዋ ከፊት የሆነ፣ ስሟን ባልጠራም አገር ሁሉ የሚያውቃት ዓይነት ናት። አባቴ የከብት ሐኪም ሆኖ ሲሠራ፣ የመንግሥት መኪናው በተበላሸ ቁጥር አጅባርና ማሻ ድረስ የሚሄደው በእሷ ነበር። መርፌና መድኃኒቱ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ትምህርት ቤት የተዘጋ ጊዜ እኔም ከመድኃኒቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። ያኔ በዓለም ላይ እንደ አባቴ የሚነዳ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። እሱም አይመስለውም ነበር።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ነዳጅ ጠፋ። ነዳጁ ሲገኝ መንገዱ ተዘጋ፤ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ አባቴ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ማለት አበዛ። እንዲህ እንዲህ እያለ መኪናዋ አራት ዓመት ቆመች። ቆመች ማለት ግን ተረሳች ማለት አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሯን ያስነሳል፣ ጆሮውን ደቅኖ ያዳምጣል፣ ያጠፋል። ከዚያ ሁለት ባልዲ ውሃ ያፈስባታል፤ በተለይ ጎማዎቿ ላይ። በመጨረሻም የእጅ ፍሬኑ ላልቶ እንዳይሆን ብሎ እንደገና ጥርሱን ነክሶ ይስበዋል። ግቢያችን ዘቅዘቅ ያለ ስለሆነ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል። ምስኪኗ መኪና ወዴት ልትሸሽ እንዳሰበች አላውቅም።

አሁን ግን ጉዳይ መጣ። አጅባር ያለችው ታላቅ እኅቱ «ሳልሞት ናና ልይህ» ብላ ላከችበት። በአውቶቡስ ሂድ ቢባል አሻፈረኝ አለ። የሚሄደው በራሱ መኪና፣ ራሱ ነድቶ ነው።

ቤት እንደደረስኩ እናቴ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። «ፍሬኑ የነከሰው እኔ ፈጣሪን ለምኜ ነው» አለችኝ። «የአባትሽን ዐይን አላየሽም እንዴ? ካልተናገርኩ እኔ መሆኔን አይለዩም እኮ። ባለፈው የጎረቤቷን ፍየል እንደምን አደርሽ ብለዋታል።»

ሳቅ አፈነኝ። እሷ አልሳቀችም።

«ሐኪም ጋ አይሄድም?» አልኳት።

«ዐይኔ ደኅና ነው፣ ብርሃኑ ነው የቀነሰው ይላሉ። ብርሃኑ ለሳቸው ብቻ ይቀንሳል? አትፍቺው ልጄ። ያች መኪና ከተነቃነቀች አባትሽ ገደል ነው የሚገቡት።»

ተናደድኩ። በእናቴ ይሁን በአባቴ አልለየሁትም፤ እኔ ስናደድ አድራሻ የለኝም። ካስፈታሁት አባቴን ገደል ልሰደው ነው፤ ካላስፈታሁት ደግሞ በቁሙ ላስረው ነው። በረንዳው ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ የተተኮሰ ኮቱን ለብሶ፣ «መካኒኩ መቼ ነው የሚመጣው?» ሲለኝ አንጀቴን በላው። ተነስቼ ወደ መናኸሪያው ጀርባ ሄድኩና የመጀመሪያውን መካኒክ ይዤ መጣሁ። እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችን። «አባዬ አለ፤ እንዳትመልሺው» አልኳት ገና ከሩቅ።

መካኒኩ ቀልደኛ ጎልማሳ ነው። ቢስሚላህ ብሎ ማርሿን አወጣ፣ የእጅ ፍሬኑን መለሰ፣ ድንጋዩን አነሳ። ገፋናት። የኋላ ጎማዎቹ ሳይዞሩ ጭቃውን እየገመሱ ስንዝር ያህል ተንሸራተቱ።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና አይደለችም፤ ማረሻ ናት» አለ።

«ልጄ፣ ይቺ መቅደላ ሥር ደርሳ የተመለሰች መኪና ናት» አለው አባቴ ኮስተር ብሎ።

«አብሽሩ ጋሼ፤ ኢንሻአላህ ትመለሳለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጎማው የሚታሰረው ታምቡር በሚሉት ድስት መሳይ ብረት ላይ ነው። ፍሬኑ ከታምቡሩ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ውጭ ሲገፋ ጎማው ይቆማል። ብዙ ከቆመ ዝገት ሁለቱን ያጣብቃቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ የእጅ ፍሬኑን ብትመልሰው ባትመልሰው እነሱ አይሰሙም። ታምቡሩን ለማውጣት ደግሞ መጀመሪያ መሐሉ ላይ ያለውን ትልቅ ዳዶ መፍታት ያስፈልጋል። መካኒኩ መፍቻው ላይ ረጅም የውሃ ቧንቧ ሰክቶ ጫፉ ላይ ቆመበት። ንቅንቅ የለም።

«እኅቴ፣ ነይ አንቺም ቁሚ» አለኝ።

ኪሎዬን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዳዶው ግን ወዲያው አወቀው። ቋ ብሎ ሲፈታ እኔ ጭቃው ላይ ተዘረርኩ። መካኒኩ አነሳኝና፣ መንከሷ ለዚህ እንኳ እንደጠቀመን፣ ጎማው የሚዞር ቢሆን ዳዶው እንዲህ በቀላሉ እንደማይፈታ አስረዳኝ። በቀላሉ ያለው እኔ የወደቅኩትን ነው።

በክሪክ አንስቷት ጎማውን አወጣ። ታምቡሩ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቶ ፍሬኑን ወደ ውስጥ አላላው፤ በታምቡሩ ዙሪያ ነጭ ጋዝ አንጠባጠበና «አሁን ምሳ እንብላ፤ እሱም ይጠጣ» አለ። ከምሳ በኋላ እንጨት እየደገፈ ዙሪያውን በመዶሻ ኳ ኳ ያደርግ ጀመር። አንዴም በኃይል አልመታም። ትንሽ ይመታል፣ በእጁ ወዝወዝ ያደርጋል፣ እንደገና ይመታል። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሰባብሬው ነበር። አባቴ ግን ከበርጩማው ሆኖ በየምቱ አንገቱን ይነቀንቃል። «ጎበዝ፣ ብረት አይቆጡትም» ይላል።

ታምቡሩ ሲወጣ በርበሬ የመሰለ የዝገት ዱቄት ጭኔ ላይ ፈሰሰ። መካኒኩ ጣቱን ውስጥ ከቶ አየና ግራ ገባው።

«ጋሼ፣ ጎማዋ ላይ ውሃ የሚያፈስ ሰው አለ እንዴ?»

«እኔ ነኛ!» አለ አባቴ በኩራት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የማጥባት። አንድ ሳምንት አሳልፌ አላውቅም።»

መካኒኩ እኔን አየኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ። አራት ዓመት ሙሉ ጎማዋን አርጥቦ፣ እርጥቡን ፍሬን ጥርሱን ነክሶ እየሳበ ያስነከሳት ራሱ አባቴ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይሄኔ ነው። እናቴም ነገሩ ገብቷት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አይ ጋሼ» አለ መካኒኩ ጉሮሮውን ጠርጎ። «የዘንድሮ ክረምት ነው። ክረምቱ ከፍቷል።»

ለዚህ ይሉኝታው ብቻ ልመርቀው ቃጣኝ።

ሁለተኛው ጎማ ልምድ ስላገኘን ፈጠነ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፣ የእጅ ፍሬኑን ሽቦ ዘይት አጠጥተን፣ ሁሉንም መልሰን ስናስር ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር። መካኒኩ ጎማውን በእጁ መታ ሲያደርገው ሽው ብሎ ዞረ። አባቴ ድምፁን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሳ። ፊቱ እንደዚያ ሲፈካ ካየሁት ቆይቻለሁ፤ እኔም ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።

መኪናዋ ከክሪኩ ወረደች። አባቴ በሯን ከፍቶ ገባ፣ መቀመጫውን አስተካከለ፣ ሞተሩን አስነሳ። እኔ በመስኮቱ በኩል ነበርኩ። «አባዬ» ብዬ የበሩን ጠርዝ ያዝኩ።

በዚህ መሐል እናቴ ከበረንዳው ወርዳ መጣችና መኪናዋ ፊት ቆመች። ሦስት እርምጃ ያህል ብትርቅ ነው። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች ቀጥ ብላ ቆመች። አልተናገረችም።

አባቴ ማርሽ አስገባ። ከዚያ በመስኮቱ አንገቱን ወደ እኔ አወጣና፣ «እናትሽ የት ሄደች?» አለኝ። «ተሰናብቻት ልሂድ እንጂ።»

መካኒኩ መዶሻውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረ።

«እዚህ ነኝ» አለች እናቴ ከፊቱ።

የአባቴ እጆች መሪው ላይ ቀሩ። ድምፁ ወደመጣበት ትክ ብሎ ሲያይ ቆየ። «ከመቼ ጀምሮ?» አላት።

«ሞተሩን ካስነሱ ጀምሮ።»

ማርሹን አወጣ። ሞተሩን አላጠፋውም። ቀስ ብሎ ወረደ፣ በእጁ የመኪናዋን አፍንጫ እየዳበሰ ዞረ፣ እናቴ ጋ ሲደርስ ትከሻዋን ያዝ አድርጎ አለፈና በሌላው በር ገብቶ ተቀመጠ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ የእሱን መኪና ግን አንድ ቀንም አስነክቶኝ አያውቅም።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢ» አለኝ። «ዛሬ እስከ ገበያው እንሞክራት። ነገ አጅባር አንቺ ነሽ የምትነጂው።»

ገባሁ። እናቴም ከኋላ ገባች፤ መካኒኩ ፍሬኑ ቢያስቸግር ብሎ ከጎኗ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። እንባዬ መንገዱን እንዳይጋርደኝ በእጅጌዬ ጠረግኩና ከግቢ ወጣን። ፍሬኑን ረገጥ አደረግኩት፤ ያዘ፤ ለቀቅኩት፤ ለቀቀ። መንገዱ ላይ ስንደርስ አባቴ ወደ እኔ ዘንበል አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ከፊታችን ምን አለ?»

ይህን ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

«ሁለት አህያና አንድ ባጃጅ» አልኩት።

«በጄ» አለ። «እንግዲያው ቀስ በይ።»