ከጎባ ያመጣሁት የዕጣ ሳጥን

ፈሪ ነኝ። ይህን ለመናገር አላፍርም። ውሻ እፈራለሁ፣ ስብሰባ ላይ እጄን ማውጣት እፈራለሁ፣ የሚኒባስ ሾፌር ከመነሳቱ በፊት ጎማውን ሁለት ጊዜ በእግሩ ከመታው እፈራለሁ። የማልፈራው ነገር ኤሌክትሮኒክስ ብቻ ነበር። ሮቤ ውስጥ እሱን ሳስተምር ስንት ዓመቴ ነው፤ ተማሪ ያቃጠለውን ሁሉ ፊቴን ሳላጠቁር እጠግናለሁ። የቤት ማኅበራችን አባላት ዕጣ የሚያወጣ ሳጥን ሥሪልን ሲሉኝ ሳላቅማማ እሺ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሠላሳ አንድ ነበርን። ሮቤ ዳር የተሰጠን መሬት ከአስፋልቱ ተነስቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ላይ የደረሰው ሱቅ ይከፍታል፤ ታች የደረሰው ክረምት በመጣ ቁጥር ከጎርፍ ጋር ይታገላል። በወረቀት ዕጣ ደግሞ ማንም ማንንም አያምንም፤ ወረቀቱ ምልክት ይደረግበታል እየተባለ ይወራል። እኔም ከማን አንሼ፣ “ሰው እጁን የማያስገባበት ዕጣ እሠራላችኋለሁ” ብዬ ደነፋሁ።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ትራንዚስተር የምንለውን ባለ ሦስት እግር ትንሽ ዕቃ ኤሌክትሪኩን በማይወደው በኩል ከገፋችሁበት ያጉረመርማል። ቀጥሎ ምን እንደሚል እኔም አላውቅ፣ የሠራው ፋብሪካም አያውቅ። ያንን ማጉረምረም አጎላሁትና ካሰመርኩለት መስመር በላይ ሲወጣ አንድ፣ በታች ሲቀር ዜሮ እንዲል አደረግኩት። አምስት ጊዜ ይልና፣ አንድ የመጣባቸውን ተራዎች አሥራ ስድስት፣ ስምንት፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ እያለ ደምሮ ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ ያለ ቁጥር ያወጣል፤ አምስቱም ዜሮ ከሆኑ ጥሎ እንደገና ይጀምራል። ጎባ በተከራየሁት ክፍል፣ የከሰል ማንደጃዬን አጠገቤ አድርጌ፣ ሳጥኑን ከግድግዳው ሶኬት ሰክቼ ለሳምንታት ቆጠርኩ። ጎባ ያለ ማንደጃ ማን ይቀመጣል? ዜሮውና አንዱ እኩል ለእኩል መጡ።

የዕጣው ቀን የታኅሣሥ እሑድ ማለዳ ነበር። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ሜዳው ላይ መብራት ስለሌለ ሳጥኑን በባትሪ አስነሳሁት። በባትሪ ሞክሬው ነበር ወይ? አዎ፣ አንዴ፣ እዚያው ማንደጃው አጠገብ።

ከፊት የቆሙት ገበያ ላይ ቅመም የሚሸጡ እናት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ በእሳቸው ምትክ መጨረሻ ላይ ስለተመዘገቡ ቁጥራቸው ሠላሳ አንድ ነው። “ኢንተላ ኮ” አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ “ሳጥንሽ እስከ ሠላሳ አንድ መቁጠር ይችላል?”

“እማማ፣ ለሳጥኑ እርስዎም ሊቀመንበሩም እኩል ናችሁ” አልኳቸው። ሰው ሳቀ። ኮራሁ።

ለመጀመሪያው የአስፋልት ዳር ቦታ ቁልፉን ተጫንኩ። ሳጥኑ ዝም አለ። ቤቴ ሳለ ወዲያው ነበር የሚመልሰው። ቆይቶ አራት ቁጥር በራ፤ ጸሐፊያችን ነው። ተጨበጨበ። ለሁለተኛው ተጫንኩ፤ አሁንም ቆየና አንድ ቁጥር መጣ፣ ሊቀመንበሩ ራሱ። ጭብጨባው ሳሳ። ለሦስተኛው ስጫን ዓይኔ አንድ በመጣ ቁጥር ብልጭ የምትለው ቀይ አምፖል ላይ ነበር። ጨልማለች። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። አንዴ ብቻ ብልጭ አለች። ሁለት ቁጥር ወጣ። ሁለት ቁጥር እኔ ነኝ።

ማንም አላጨበጨበም።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ብርዱ ባትሪውን አድክሞታል፤ ባትሪው ሲደክም ማጉረምረሙም ደከመ፤ መስመሩን የሚያልፍበት አቅም አጣ። ሳጥኑ ዜሮ አብዝቷል፣ የዘገየውም አምስቱም ዜሮ እየሆኑበት እንደገና ሲጀምር ነው፤ ዜሮ ሲበዛ ደግሞ ትንንሽ ቁጥር ይመጣል። ትንንሾቹን ቁጥሮች የያዝነው ቀድመን የተመዘገብነው ኮሚቴዎቹ ነን። ሠላሳ አንድ እንዲወጣ ግን አምስቱም አንድ መሆን አለባቸው። በዚያ ብርድ የእኚያ እናት ቁጥር ዕጣው ወርዶ ወንዙ ዳር ሳይደርስ አይመጣም።

“ቀጥዪ” አለኝ ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ።

“ልክ አይደለም፤ ቀዝቅዟል።”

“ማን ያውቃል? ከተናገርሽ ሌባ የምትባዪው አንቺ ነሽ። ሠሪዋ አንቺ፣ ዕጣው የወጣልሽ አንቺ።”

እውነቱን ነበር፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። “ምን ትንሾካሾካላችሁ?” አለ አንዱ ከኋላ። ሌላው “ሀቱ!” አለ፣ ሌባ።

የተናገርኩት ደፍሬ አይደለም። ከሁለት ፍርሃት የባሰውን ሸሽቼ ነው። እማማ ፊቴ ቆመው ለዚያ ለማይመጣ ቁጥር ዱዓ ያደርጋሉ። ያንን እያየሁ ሃያ ስምንት ጊዜ ቁልፍ መጫን አቃተኝ።

“ሳጥኑ አዳልቷል” አልኩ። “ብርዱ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። የወጡት ሦስቱም ይሰረዙ።”

አንዱ ሳጥኑን ነጥቆ መሬት ላይ ፈጠፈጠው። ሌላው የጃኬቴን እጅጌ ይዞ አልለቅም አለ። ፖሊስ ይጠራ ተባለ። እዚያው የምሞት መሰለኝ።

ያስጣሉኝ ሰፈሩ ውስጥ ቅርጫ ሲኖር የሥጋውን መደብ የሚደለድሉት አዛውንት ናቸው። “ልቀቋት! ያለ ሳጥን ሥጋ ስንካፈል ኖረን የለም እንዴ?” አሉና ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺስ፣ ዕጣ ጣይ ራሱ ከዕጣው ይገባል? ቅርጫ በልተሽ አታውቂም?”

በልቼ አውቃለሁ። በቅርጫ ሁሉም የየራሱን ምልክት ይሰጣል፣ አንዱ የልብስ ቁልፍ፣ አንዱ ስንጥር እንጨት፤ በየመደቡ ላይ የሚጥለው ግን ማን ምን እንደሰጠ ያላየ ሰው ነው። ይህን ያልተማረ ሰው እንኳ ያውቀዋል። እኔ ትራንዚስተሩን ብቻ ሳስብ ከረምኩ።

ወደ አጋርፋ የሚሄድ መንገደኛ ተለምኖ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሠላሳ አንድ ድንጋይ፣ ለየቦታው አንድ፣ ከላይ እስከ ታች ደረደርን፤ ምልክታችንን በባርኔጣ ሰበሰብን። እኔ የደከመውን ባትሪ ሰጠሁ፣ እማማ አንዲት ኮረሪማ። ሰውየው እየዞረ አንድ አንድ ጣለ። ባትሪዬ መሃል አካባቢ ወደቀ። ኮረሪማዋ መጨረሻው ድንጋይ ላይ፣ ወንዙ ዳር።

ወደ እሳቸው ወረድኩ። “እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ” አልኳቸው።

ኮረሪማዋን አንስተው አፈሩን አራገፉ። “ይሄኛው ከረቢ፣ ከፈጣሪ ነው፤ እቀበለዋለሁ” አሉኝ። “ያኛው ከአንቺ ነበር።”

አሁን ሁለታችንም ቤት ሠርተናል፤ የኔ ከእሳቸው በላይ ነው። ሳጥኑንም ጠግኜዋለሁ፣ በብርድም እኩል ይቆጥራል፤ የሚፈልገው ሰው ግን የለም። ሐምሌ ላይ ዝናብ ቆርቆሮዬን መደብደብ ሲጀምር ያ የሜዳው ፍርሃት እንዳለ ይመለስብኛል። አካፋዬን ይዤ የእሳቸውን ቦይ ልጠርግ ቁልቁል እሮጣለሁ። ሁልጊዜ ቀድመውኝ ጀምረው አገኛቸዋለሁ።