በበርሜል የተነከረ ኩባያ

የበሰበሰውን ፖም ከደህናው መለየት።
ከበርሜሉ አፍ የሚገነፍለውን አረፋ መጥረግ።
ዕቃ መቀቀል።
ዝንብ መግደል።
ማሽተት።

ጡረታ የወጣችው የልብስ ስፌት አስተማሪ የፖም ጠጅ ስትጠምቅ ከዚህ ሥርዓት ዝንፍ አትልም። እርሾ አትገዛም፤ ጭማቂውን የሚያፈላው በፍሬው ልጣጭ ላይ ያለው የዱር እርሾ ነው። ይህ እርሾ ሳይለመን ይሠራል፤ ቆሻሻ ከቀደመው ግን ጠጁ ይሻግታል፣ ይኮመጥጣልም።

አምና በታላቅ ወንድሟ ፖም የጠመቀችው ተበላሽቶባት ስልሳ ጠርሙስ ዕዳ ቀረባት። ከዚያ ወዲህ ወንድምየው በዘመድ ፊት ሁሉ «እህቴማ የኔን እጅ አይታ ነው የምታድረው» ማለትን ልማድ አደረገ። ከዚህ አፍ ለመገላገል ዘንድሮ ፖሙን ራሷ ገዝታ ሁለት በርሜል ሞላች፤ አንዱን ለእርሱ፣ ሌላውን ለራሷ።

ፍላቱ ሲበርድ ልጇ ወለደችና ልትጠይቃት ሄደች። የጓዳውን ቁልፍ ለወንድሟ ስትሰጥ «ክዳን እንዳይነኩ» ብላ አስጠነቀቀችው። በዘጠነኛው ቀን ስትመለስ የእርሷ በርሜል ተከፍቶ አገኘችው። ፊቱን የተጨማደደ ነጭ ቆዳ መስሎ ሻጋታ ሸፍኖታል፤ በላዩ የሞቱ ዝንቦች፣ የራሰ የዳቦ ፍርፋሪና አንድ ሽበት ተንሳፍፈዋል። ሽታው ያደረ ካልሲ ነው። ወንድሟ ኩባያ ይዞ፣ ጢሙ እየተንጠባጠበ ቆሟል።

«ጋሼ! በዚህ ኩባያ ነው የሚጠልቁት?»

«እና በጫማዬ ልጥለቅ? ጠዋት ጠዋት ለቅምሻ ያህል ነው።»

«አፍዎ የነካውን መልሰው?»

«የዱር እርሾ ነው ስትዪ አልነበር? የዱር ነገር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ንጽሕና የሚወደው!»

«ኤዲያ! የእርስዎንስ በርሜል?»

«የኔን ምን በወጣኝ! ይጎድልብኛላ።»

አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ የራሷን በርሜል ክዳኑን ገጥማ እያንከባለለች አውጥታ ከቦይ ደፋችው።

ወንድሟ ይህን ሲያይ ድምፁን አለሰለሰ። «ግዴለም እቴ፣ ለጊዜው ሠላሳ ብቻ ስጪኝ። የቀረው ለከርሞ ይደር።»

ከርሞም ያው አፍ በዘመድ ፊት ሲከፈት ታያት። ከሻጋታው ይልቅ ይህ አስጸየፋት።

«አንድም ጠርሙስ አያድርም» አለችው።

የደህናውን በርሜል ጠጅ ከአተላው ለይታ በተቀቀለ ቱቦ ቀዳች። ለራሷ አንዲት ጠርሙስ አላስቀረችም። በማግስቱ ስልሳ ጠርሙስ በአክስታቸው ፊት ቆጥራ አስረከበችው። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።