ዝገት የበላት ፒክአፓችን

የእናቴ እግር የመኪናችንን ወለል በስቶ የወጣው ከላላ ከተማ ለቅሶ ለመድረስ ስንሄድ ነው።

ዝናብ ሲጥል ሰንብቶ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ይነዳል፤ እኔ መሀል፣ እናቴ በበሩ በኩል ተቀምጠናል። ከኋላ ካሶኒው ላይ ለዚያው ለቅሶ የሚሄዱ ጎረቤቶቻችን ተጭነዋል። አንድ ጎድጓዳ ስፍራ ላይ መኪናዋ ስትነጥር እናቴ እንዳትወድቅ እግሯን ጠንከር አድርጋ ረገጠች። "ቀጭ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ብረት የተሰበረ አይመስልም፤ ደረቅ ቂጣ ሲቆረስ ነው የሚመስለው። ወዲያው "ወይኔ እግሬ!" ስትል ጎንበስ ብዬ ባይ፣ እግሯ አሮጌውን ምንጣፍ ቀዶ እስከ ባቷ ድረስ ወለሉ ውስጥ ገብቷል።

"አቁም! አቁም!" አልኩት።

ወንድሜ ቀጥ አድርጎ አቆመ። ዙሪያውን ያለውን የዛገ ጠርዝ በእጃችን እየሰበርን ቀስ ብለን እግሯን አወጣነው። ቆዳዋ ተገሽልጦ ይደማል፤ ደግነቱ ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም። ጫማዋ ግን የለም። ወርጄ ስፈልግ ከኋላችን ጭቃው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ስመለስ እናቴ ቁስሏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ቀዳዳውን ቁልቁል ታያለች። የመንገዱ ድንጋይ በቀዳዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"እኔ መኪና መስሎኝ ነው የተሳፈርኩት። ወንፊት ነው እንዴ የገዛችሁት?" አለች።

ካሶኒው ላይ ያሉት ሳቁ። ወንድሜ አልሳቀም። ቀዳዳው ላይ ጣውላ ጣል አድርገንበት ለቅሶውን ደርሰን ተመለስን። በማግስቱ እናቴን ጤና ጣቢያ ወስጄ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ አስወጋኋት።

ይህች ፒክአፕ የተገዛችው እኔ ጅዳ በሰው ቤት ስሠራ በላክሁት ገንዘብ ነው። መርጦ የገዛት ወንድሜ ነው። እኔ የማውቃት እሱ በስልክ በላከልኝ ፎቶ ነበር፤ ነጭ፣ አሮጌ፣ ግን ቁመናዋ ያማረ። ሥራ ሲከብደኝ ፎቶዋን አውጥቼ አያት ነበር። እሱ ደግሞ ከመካነ ሰላም ከላላ፣ ከመካነ ሰላም አቀስታ፣ የገበያ ቀን እየጠበቀ ሰውና እህል ይጭንባታል። በእርሻ ወቅት ማዳበሪያ፣ በሌላው ጊዜ የከብት ጨው ያመላልሳል። ጠቅልዬ አገሬ ስገባ ደሴ ድረስ መጥቶ የተቀበለኝ በእሷ ነው። ታጥባ፣ እያብረቀረቀች ቆማ ሳያት፣ "እንዴ! ከፎቶዋም ታምራለች" አልኩት።

"ይዣታለኋ" አለኝ።

ስለዚህ ከለቅሶው በተመለስን ሰሞን "እንሽጣት" ሲለኝ ገረመኝ።

"ከነቀዳዳዋ?"

"አዲስ ምንጣፍ ይነጠፍበታል። ለሚያያት ሰው እኮ አሁንም ቆንጆ ናት።"

"የሚገዛት ሰው እናት የለችውም?" አልኩት።

መካነ ሰላም ከገበያው ጀርባ ግቢ ያላቸው አንድ ባትላሜራ አሉ። የመኪና ቦዲ ማቃናት፣ መቁረጥና መበየድ ሥራቸው ነው። ሸምገል ያሉ፣ ነጭ ኮፍያቸው በብየዳ ጭስ የጠቆረ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው። መኪናዋን ይዘን ሄድን። አማን መዋላችንን ተጠያይቀን ስናበቃ መዶሻቸውን ገልብጠው በእጀታው ጎኗን እያንኳኩ ይዞሯት ጀመር። አንዳንዱ ቦታ ጥርት ያለ የብረት ድምፅ አለው። ከበሩ ስርና ከኋላ ጎማው በላይ ሲደርሱ ግን ድምፁ እንደ ግድግዳ ድፍን ሆነ።

"ይሄ ብረት አይደለም፤ ስቱኮ ነው" አሉ። "ማነው የሞላው?"

"ስትገዛም እንዲሁ ነበረች ይሆናል" አልኩ እኔ። ወንድሜ መሬት መሬት ያያል።

መፋቂያ ማሽናቸውን አስነሱ። ነጩ ቀለም ተነሳ፤ ከስሩ እንደ ጭቃ የተመረገ ግራጫ ስቱኮ ወጣ፤ ስቱኮው ሲፈረከስ ደግሞ ከውስጥ የተጠቀጠቀ የማዳበሪያ ጆንያ ብቅ አለ። ብረቱ በቦታው የለም። ያኔ መኪናዋን የሸጠልንን ሰውዬ መርገም ጀመርኩ። "ላቤን ነው የበላው! ሰው አገር ሆኜ እንደማላይ አውቆ ነው!" እያልኩ ጮህኩ።

"እሱ አይደለም" አለ ወንድሜ። "ያስሞላኋት እኔ ነኝ።"

ባትላሜራው ማሽኑን አጠፉ።

"ስትገዛ ደህና ነበረች" ብሎ ቀጠለ። "ክረምቱን ሙሉ ጨውና ማዳበሪያ ጫንኩባት፤ አላጥባትም ነበር፤ በላት። ልትመጪ ነው ሲባል ደሴ ወስጄ አስሞልቼ ቀለም አስቀባኋት። ዝጋ እንድታዪያት አልፈለግሁም።"

ያን ጊዜ ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም፤ ጥሩ ነገር እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ። በመጨረሻ፣ "እማዬን እያወቅክ ነው እዚያ ያስቀመጥካት?" አልኩት።

"ወለሉን አላወቅሁም! በማርያም፣ ጎኗን እንጂ ወለሏን አላወቅሁም!"

ባትላሜራው የወለሉን ምንጣፍ ገለጡ። ከስሩ ያለውን ስፖንጅ ጨመቅ ሲያደርጉት ውሃ ወረደ።

"ይሄስ እውነቱን ነው" አሉኝ። "ውሃ በበሩ ላስቲክ እየገባ እዚህ ሲተኛ ከርሟል። ምንጣፉን ያልገለጠ ሰው አያየውም።"

ከዚያ ከመኪናዋ ስር ተንጋለው ገብተው ሻንሲውን እየመቱ ቆዩ። ሲወጡ ጀርባቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

"አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። "አጥንቷ ደህና ነው። እሱ ቢበላ ኖሮ አልነካላችሁም ነበር። የበሰበሰውን ቆርጠን በአዲስ ላሜራ እንተካዋለን። ግን ረዳት የለኝም፤ ፋቂዎቹ እናንተ ናችሁ።"

"አንቱ ካሉ እንፍቃለን" አልኳቸው። ወንድሜን አላየሁትም።

የአባቴን አሮጌ ካፖርት ለብሼ፣ አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ፋቅሁ። እኔ በቀኝ፣ ወንድሜ በግራ። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ስንፍቅ የሚወጣው ቀይ ብናኝ ቅንድባችን ላይ ሳይቀር ያርፋል። "ብሩሹን አቀብለኝ" እና "እዚያ ጋ ቀርቷል" ከማለት በቀር አንነጋገርም። መብራት ሲጠፋ ባትላሜራው ላሜራውን በመቀስ ይቆርጣሉ፤ ወፍራም ቧንቧ ላይ አስደግፈው በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጡ እንደ መኪናዋ ጎን ያጎብጡታል። መብራት ሲመጣ ይበይዳሉ። አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ እዚያ እያሉ ነው እንጂ አንዴ ጀምረው አይወጡትም። ወንድሜ ለምን እንደሆነ ጠየቃቸው።

"ስስ ላሜራ ነው፤ ብዙ ከጋለ ይጣመማል። ይብረድ፤ ማን ያስቸኩለናል?" አሉት።

የግራ ጎኗን ሲበይዱ ከውስጥ ጭስ ወጣ። ጨርሰን ያላወጣነው ጆንያ የብየዳው ፍንጣሪ ደርሶት ኖሮ ተያያዘ። ባትላሜራው "ያ አላህ! የነዳጁ ታንከር እዚያው ነው!" ብለው አፈር ሊያነሱ ጎነበሱ፤ እኔ ውሃ ፍለጋ ሮጥኩ። ዞር ስል ወንድሜ ክንዱን በክፍቱ በኩል እስከ ትከሻው ሰድዶ የሚነደውን ጆንያ ጎትቶ አውጥቶታል። መሬት ላይ ጥሎ ረገጠው። እሳቱ ጠፋ፤ የቀለጠው ፕላስቲክ ግን መዳፉ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

"እንዳትልጠው! ውሃ ብቻ!" አሉ ባትላሜራው።

ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩትና ከጀሪካን ቀስ እያልኩ እጁ ላይ ውሃ አፈሰስኩለት።

"በጣም ያማል?"

"ያማል።" ዓይኑን ከእጁ ሳያነሳ፣ "እታለም፣" አለኝ፣ "ከጅዳ ስትደውዪ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ‘መኪናዋ እንዴት ናት?’ ብለሽ ነበር። እኔን የምትጠይቂኝ ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ እንዴት ብዬ በሰበሰች ልበልሽ?"

ልቆጣ ነበር፤ ግን እውነቱን ነው።

"ስላንተ ወይ ስለ እማዬ ከጠየቅሁ ለቅሶ ይመጣብኛል" አልኩት። "ማዳሟ ደግሞ ሳለቅስ ካየችኝ ስልኩን ትወስድብኛለች። ስለ መኪና ሲሆን እችላለሁ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "እኔ መኪናዋ ናፍቃሽ ነበር የሚመስለኝ።"

"እሷም ናፍቃኝ ነበር" አልኩት። ሳቅን። ጀሪካኑ እስኪያልቅ ድረስ ውሃውን አፈሰስኩለት። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ እጁን አሽገውለት ተመለስን።

ከዚያ ወዲያ የእሱንም ወገን የፋቅሁት እኔ ነኝ። እሱ በደህና እጁ ላሜራ ይይዛል፣ ብሎን ይለቅማል፣ ያወራል። ዝም ያልንበትን ጊዜ ሁሉ የሚያካክስ ይመስል ነበር። የትኛው ገበያ ላይ ጎማ እንደፈነዳበት፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ እንደተገላገለች፣ የልጁ አባት በግ ይዞለት እንደመጣ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። እኔም ጅዳ የሠራሁበትን ቤት፣ የማዳሟን እናት፣ ሽንት ቤት ገብቼ የምዘፍነውን ነገርኩት።

ብየዳው ሲያልቅ ዝገት የሚከለክለውን ቡናማ አንቲረስት ቀባናት፤ ከስሯ ባትላሜራው ሬንጅ አልብሰው ዘጉላት። ነጩ ቀለም ግን ከድሮው ነጭ ጋር አልገጠመም። አዲሱ እንደ ወተት ነው፣ አሮጌው እንደ ቅቤ። ወንድሜ ሁሉንም እንደገና እናስቀባት አለ። እኔ አልፈለግሁም፤ የተሠራው የቱ ጋ እንደሆነ ቢታይ ይሻላል አልኩ። ባትላሜራውም ከእኔ ጋር ሆኑ።

ሲያስረክቡን፣ "በሮቹንም ዝገቱ ከስራቸው ጀማምሯቸዋል" አሉ። "ይህን ክረምት ይችላሉ ኢንሻላህ። ጨው ከጫናችሁ ሳያድር እጠቧት። መስከረም ሲጠባ መልሷት።"

ክረምቱን ሠራችልን። ወንድሜ ከገበያ ሲመለስ ካሶኒዋን ሳያጥብ እራት አይቀርብለትም፤ ይህን ሕግ ያወጣችው እናቴ ናት። እኔ ደግሞ መንዳት መማር ጀመርኩ። አስተማሪዬ ወንድሜ ነው፤ ሲያስተምር ትዕግሥት የሚባል የለውም። መስከረም ላይ ለበሮቹ ስንሄድ መሪዋን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እስከ ባትላሜራው ግቢ በደንብ ወሰድኳት። መግቢያው ላይ ያለችው ዳገት ፈተነችኝና፣ ወንድሜ "ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን!" ሲል ደንግጬ ሞተሩን አጠፋሁት። ደግሜ ባስነሳ እንቢ አለች። በመጨረሻ ባትላሜራው ወጥተው፣ እሳቸውና ወንድሜ ከኋላ እየገፉ አስገቡኝ።