ከጎን የመጣ ብርሃን

በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ በአባቷ የአናጺ ቤት ስትላላክ፣ ከመጋዙ የተፈናጠረ ስንጣሪ ቀኝ ዓይኗን አጠፋው። ፋሻው ሲፈታ ዓለም እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ሆና ጠበቀቻት። ውሃ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ታፈሰዋለች፤ ደረጃ ስትወርድ እግሯ ይስታል። አባቷ ፊቷን ማየት አቃተው። እሷ ግን እልኸኛ ነበረችና ሳትውል ሳታድር ዘዴ አገኘች፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ጉብታውም ጎድጓዳውም በጥላው ይታወቃል።

በዚያው ዘዴ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተምራ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ጠዋት ኮሌጅ ስታስተምር፣ ከሰዓት ሙዚየም ስትሠራ ኖረች። ክፍል ገብታ መብራቱን ታጠፋና የእጅ ባትሪ ከሥዕሉ ጠርዝ ታስጠጋለች። ተማሪዎቿ «ባትሪዋ መጣች!» ሲሉ ሰምታ እሷም ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን የሙዚየሙ መጋዘን ሊጸዳ ሆነ። ከሚወገዱት መካከል ገበያ የተቀመጠች ሴት ሥዕል ነበረች፤ ጠቁራ፣ አቧራ ጠጥታ። ዳይሬክተሩ የቀድሞ ተማሪዋ ነው።

«ዶክተር፣ ተራ ቅጂ እኮ ነው። መኪናው በር ላይ ቆሟል።»

«ይቁም፤ አይርበው!»

«በፈጠረዎት! ዝርዝሩን ፈርሜያለሁ።»

«ግማሽ ሰዓት ስጠኝ። ምንም ካላገኘሁ እኔው ተሸክሜ እጭናታለሁ።»

ሥዕሏ ከዚያ በር ከወጣች አትመለስም። መብራቱ ጠፋ። የመጋዘኑ ጠባቂ ሽማግሌ ባትሪውን ያዙላት።

«ዝቅ ያድርጉት ጋሼ። ገና... ገና... እዚያ ላይ! እንዳይነቃነቁ!»

«ይኸው ልጄ፣ ያዝኩት።»

እሷም ዓይኗን ወደ ሥዕሉ አስጠጋች። ከጥቁሩ ቀለም ሥር፣ ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ፣ የጥንት የቀለም ጉብታ ብቅ አለ። ክብ ነው። ከሥሩ ደግሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አምስት ጣቶች!

«ሕፃን! ሕፃን አዝላ ነበር! ሠዓሊው ነው ኋላ በቀለም የሸፈነው!»

«ቢሆንስ ታዲያ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሥዕል ገልባጭ ያየውን ይገለብጣል እንጂ መሐል ላይ ሐሳቡን አይቀይርም። ይሄ ሰው ቀይሯል። ሥዕሏ ቅጂ ሳትሆን የራሱ ሥራ ናት!»

 ዳይሬክተሩ በሙሉ ልብሱ አቧራው ላይ ተንበርክኮ ባትሪውን ከሽማግሌው ተቀበለ። ጉብታውን አንድ በአንድ ተከተለ፤ ጣቶቹን እሱም ቆጠረ። ሲነሳ ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ ነበር። ዝርዝሩን አውጥቶ የሥዕሏን ስም ሰረዘና ወደ በሩ ጮኸ። «መኪናው ይሂድ! ቆይ... ሁሉንም አውርዱ፤ አንድ በአንድ እናያቸዋለን!»

ጡረታ ስትወጣ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በሥራ ዘመኗ ለእሷ ከሁሉ የሚበልጠው ምን እንደሆነ ተጠየቀች። ሁሉም ሥዕሏን ትጠራለች ብሎ ጠበቀ።

«ሥዕሏማ ግድግዳዋን አግኝታለች» አለች። «ለኔ የሚበልጠው ያ ዳይሬክተር ነው። ፈርሞ ጨርሶ፣ በሰው ፊት፣ 'ተሳስቻለሁ፣ እስቲ ደግሜ ልይ' እንደማለት ተንበረከከ። አስተማሪ መሆኔን ያን ቀን አመንኩ።»