በብረት እግር ኖር ማለት

ሐኪሙ ብሬስ ይለዋል፣ ሰፈሩ ብረት ይለዋል፤ እኔ ሰው በሌለበት የምጠራበትን ስም እዚህ አልጽፈውም። ከጭኔ እስከ ባቴ የሚደርስ፣ በግራና በቀኝ ዘንግ ያለው፣ ጉልበቴ ላይ እንደ በር ማጠፊያ የሚታጠፍና የሚቆለፍ ነገር ነው። ጭቃ አንሸራቶኝ የተበጠሰውን የጉልበቴን ጅማት ባሕር ዳር በቀዶ ጥገና ጠግነውልኝ ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ አብሮኝ ተሳፍሮ መጣ። ማሰሪያውን ጠበቅ ሳደርገው እግሬን ያደነዝዘዋል፤ ላላ ሳደርገው እንደ ሰነፍ ተማሪ ካልሲ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ይወርዳል። ማሳከኩንስ ተዉት።

ከብረቱ በላይ ያናደደኝ ግን መቀመጤ ነበር። እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ ተነስቶ «ኖር!» ይባላል፤ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ይቀመጣል። እኔ ለመነሳት እግሬን መዘርጋት፣ ማጠፊያውን መቆለፍ፣ ክራንቹን መፈለግ፣ ከዚያ በአንድ ጎኔ እየተጎተትኩ ወደ አልጋው ጠርዝ መውጣት አለብኝ። ገና ስጀምረው እንግዳው «በሞቴ አትነሺ!» ይለኛል። ሐኪሙ እኮ «ቆልፈሽ ተነሺ፣ ቶሎ ቶሎ ቁሚ፣ ካልቆምሽ ጡንቻሽ ይሰልላል» ብሎኛል። ማን ይስማኝ? ልታስታምመኝ ከጉና ግርጌ የመጣችው እናቴማ ትከሻዬን ይዛ መልሳ ታስቀምጠኛለች። «አርፈሽ ተቀመጭ! የተሰፋው ተተርትሮ ጉድ እንዳታደርጊን!» አንድ ቀን የማስተምራቸው ልጆች ሊጠይቁኝ መጡና አንዷ «ቲቸር፣ አይነሱ» አለችኝ። ለተማሪ ደግሞ ማን ይነሳል! ትራሴን ልወረውርባት ምንም አልቀረኝ።

በዚህ መካከል አባቴ ሊመጡ ነው ተባለ። አባቴ ሲገቡ ተቀምጬ አላውቅም። ትኩሳት ጥሎኝ እንኳ ግድግዳ ይዤ ተነስቻለሁ። አሁን ተቀምጬ ከተቀበልኳቸው፣ ከእንግዲህ ተቀማጭ ሆኜ የምቀር መሰለኝ። ፈራሁ። እናቴ ገበያ ስትወጣ ብቻዬን ልለማመድ ሞከርኩና አልጋው ላይ ተመልሼ ወደቅሁ። ደጋግሜ ወደቅሁ። በመጨረሻ ብረቱን በጡጫ መትቼ አለቀስኩ፤ ያመመውም እጄን ነው።

አባቴ የመጡት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ከዘራቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ታዩኝ። ተጣድፌ ማጠፊያውን ቆለፍኩ። ለካ ቁልፉ አልያዘም፤ ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝና አልጋው ላይ ዘጭ አልኩ። እናቴ ሮጣ ትከሻዬን ያዘች።

«በሞቴ አትነሺ! አንቱ ደግሞ ግቡና ተቀመጡ እንጂ!»

አባቴ አልገቡም። «አትነሺ» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱንም አላሉም። የበሩ ደፍ ላይ ቆመው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ያዩኛል። ንዴቴ ወደ እሳቸው ዞረ። አገር ምድሩ ተቀመጭ ብሎ ሲለምነኝ እኚህ ሰውዬ ሊያስነሱኝ ነው? እናቴ በርጩማ ብታቀርብላቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ያኔ ነው መንገድ ያደከመው እግራቸው ሲንቀጠቀጥ ያየሁት። እንደዚያም ሆነው እየጠበቁኝ ነበር።

የእናቴን እጅ ከትከሻዬ ላይ አነሳሁ። ማጠፊያውን ቀጭ እስኪል ቆለፍኩት፣ ክራንቹን ወለሉ ላይ ተከልኩ። አላበኝ። ብረቱን በዚያ በማልጽፈው ስሙ በሆዴ ጠራሁትና ቆምኩ።

«ኖር!» አልኩ። ስድብ የምሳደብ ነበር የሚመስለው።

«በእግዜር» አሉና ገብተው ተቀመጡ።

እኔም ተቀመጥኩ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ትነሳለች ብሎ የጠበቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ላቤን እንኳ ሳልጠርግ ግን ከዘራቸውን መልሰው አነሱ።

«ያመጣሁትን ድንች ደጅ ትቼዋለሁ፤ አስገብቼው እመለሳለሁ» አሉ።

«እኔ አስገባው የለም እንዴ!» አለች እናቴ።

«ተይ፣ እኔው ወጥቼ እገባለሁ።»

ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር። እያጉረመረምኩ እጄን ወደ ማጠፊያው ሰደድኩ።