ነጭ ጋዝ የሸተተው ቡቅሪ

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ካገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ለባሌ ታናሽ እህት ሽማግሌ ሊመጣ ሆነና አማቴ ጠርተው፣ "መጠጡን አንቺ ያዥው" አሉኝ። ምራት ሆና ለገባች ሴት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሽንኩርት መላጥ ለማንም ይሰጣል። የእንግዳ አፍ የሚነካውን ነገር ያዥ መባል ግን፣ አሁን የቤቱ ሰው ሆነሻል ማለት ነው። ደስታዬን የምደብቅበት አጣሁ።

ቤቱ የጴንጤ ቤት ስለሆነ ጠላም ጠጅም አይገባበትም። ለድግስ የሚቀርበው ቡቅሪ ነው፤ ገብሱ ተቆልቶ፣ ፈልቶ፣ ተጠልሎ፣ ስኳርና እርሾ ገብቶበት የሚያድር፣ ጠቆር ያለ፣ ምላስ ቆንጠጥ የሚያደርግ መጠጥ። በየጠረጴዛው በፕላስቲክ ተሞልቶ ይቀመጣል፤ ሽማግሌዎቹም ሲሄዱ አንዳንድ ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሃይላንድ በብዛት ያስፈልጋል። ሃይላንድ የምንለው ባዶውን የውሃና የለስላሳ ፕላስቲክ ሁሉ ነው።

ፕላስቲክ ማጠብ ደግሞ የእኔ ነገር ነው። እናቴ ከቡሹሎ በኩል ወተት እያመጣች ነው ያሳደገችኝ። ወተት የያዘ ፕላስቲክ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፤ ሙቁ ከቀደመ ወተቱ እዚያው ይረጋና ሙጭጭ ይላል። ቀጥሎ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና። የፈላ ውሃ ከገባበት ፕላስቲኩ ይኮማተራል፣ ከዚያ በኋላ ለምንም አይሆንም። የሰፈሩ ሰው አሸዋና ጠጠር ጨምሮ ይንጠዋል፤ እናቴ ግን አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ ነበር የምትጨምረው። "አሸዋ ሆዱን ይቧጭረዋል፣ የተቧጨረ ቦታ ላይ ደግሞ ቆሻሻ ቤት ይሠራል" ትለኛለች። ክዳኑ ለብቻው በጥርስ ብሩሽ ይፈተጋል። ከክዳኑ ሥር አንገቱ ላይ የምትቀረዋን ቀጭን ቀለበት በቢላ ጫፍ አንስታ ትጥላታለች፤ ከሥሯ አተላ ይደበቃል። በመጨረሻ በንጹህ ውሃ ደጋግሞ አለቅልቆ፣ አፉን ደፍቶ፣ ጥላ ውስጥ ማድረቅ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አፍንጫ ይቀድማል። ውሃ፣ ወተት ወይም ለስላሳ ያልሆነ ነገር ይዞ የነበረ ፕላስቲክ እናቴ ቤት ደጃፉን አያልፍም ነበር።

እኔም እንደዚያው አድርጌ አጠብኩ፤ ሞላሁ። ጢም አድርጌ አልሞላሁም፤ እርሾ ያለበት ነገር በሐዋሳ ሙቀት ይነፋል፣ ክዳኑን ላላ ካላደረጉለት ጣሪያ ይመታል።

እንግዳው ከተባለው በላይ መጣ። ፕላስቲክ አነሰኝ። የባሌ ታላቅ እህት ቤቷ ከአጥሩ ኋላ ነው፤ "አንቺ ልብስሽን ለውጪ፣ ሌላ ፕላስቲክ እኔ አመጣለሁ" አለችኝ። አመሰገንኳት እንኳን። ለብሼ ስወጣ ያመጣቻቸውን ራሷ ከበርሜሉ ሞልታ ጠረጴዛ ላይ ደርድራቸዋለች።

ከቱላ የመጡት የሚያገባት ልጅ አጎት፣ ትልቅ ሰው፣ ተቀድቶላቸው አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። ፊታቸው ተለወጠ። አፋቸውን በመሀረብ ይዘው ወደ ደጅ ወጡ፤ ሲተፉ ሁላችንም ሰማን። ተመልሰው ሲቀመጡ በጨዋ ደንብ፣ "ነጭ ጋዝ ይላል" አሉ ብቻ። እንግዳው ሁሉ ብርጭቆውን አንድ በአንድ አስቀመጠ።

"ወይ ጉዴ!" አለች የባሌ እህት፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ። "ሙሽሪት፣ ምንድን ነው ያጠጣሽብን?"

ፕላስቲኩን አንስቼ አየሁት። አንገቱ ላይ ቀለበቱ እንዳለ ነው።

"እትዬ፣ ይሄ እኔ ያጠብኩት አይደለም። እኔ ያጠብኩት ቀለበት የለውም። ይዩት፣ እነዚያኞቹንም ይዩአቸው።"

"ስሙልኝ እስቲ! ቀለበት ትላለች። እኛ ቤት ቀለበት የሚደረገው ለሰው ነው እንጂ ለፕላስቲክ አይደለም! የወተት ሻጭ ልጅ፣ ከየሜዳው የተለቀመውን አምጥታ አዋረደችን።"

ሴቶቹ ሳቁ። ባሌ ጫማውን ያይ ነበር። አማቴ መጡና በእጄ የያዝኩትን ወስደው ወደ ጎን አስቀመጡ፤ መጠጡን እንድትይዝ ለታላቅ ልጃቸው ሰጧት። "አንቺ ጓዳ ግቢ" አሉኝ። ገባሁ። ሽንኩርት ላጥኩ።

በፊቷ እርስዎ እላታለሁ፤ ታላቅ ናት። በልቤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ ነበረች።

ጋብቻው አልፈረሰም፤ ልጅቷ ቱላ ገባች። እኔም ነገሩ ይረሳል ብዬ ነበር። ወልዳ አራስ ጥየቃ ስሄድ፣ ሌሊቱን የደከምኩበትን ቡቅሪ በአዲስ ዘንቢል ይዤ ሄድኩ። የባሏ እናት በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ። አራሷን ስሜ፣ ሕፃኑን አቅፌ፣ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ አልኩ። እንሰቱ ሥር መሬቱ ርሷል። አረፋው ገና አልጠፋም ነበር። ባዶዎቹ ፕላስቲኮቼ አጥሩ ሥር ተጥለዋል።

ተመልሼ ቁጭ አልኩ፣ የቀረበልኝን በላሁ። በባጃጅ እስከ ቤቴ አለቀስኩ። ቤቴ ስደርስ ማልቀሴን ተውኩ። እነዚያ ሰዎች እኔ የነካሁትን አይጠጡም፤ ይሄን ያደረገችብኝ ደግሞ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ስህተቱ ባልከፋ፤ ሰው ይሳሳታል። የራሷን ስህተት አንስታ እኔ ላይ ነው የደፋችው። እነዚያው ሴቶች፣ እነዚያው ሰዎች እውነቱን ሳይሰሙ እንዳልሞት ብዬ ለራሴ ማልኩ። "ይቅር በያት" የሚሉኝ ነበሩ። እሺ፤ መጀመሪያ "ይቅር በይኝ" ትበለኛ! ቂሜን እየመገብኩ አሳደግኩት፤ ከልጆቼ እኩል አደገ።

ዓመታት አለፉ። እኔ ባለሁበት ሰፈር ግን ሰው ቡቅሪዬን እየቀመሰ ወደደው። ለአንድ ሠርግ ሠራሁ፣ ሌላው ጠራኝ፣ ቀስ በቀስ ያለ እኔ ድግስ የማይደገስ ሆነ። አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እሷ ናት፤ ዣንጥላ ይዛ፣ ፊቷን አስተካክላ።

"እንዴት አደርሽ ሙሽሪት?" ሁለት ልጅ ወልጄም ሙሽሪት ነኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ። ይግቡ።"

"አልገባም፣ እቸኩላለሁ። ልጄ ሽማግሌ ሊመጣላት ነው። የልጁ እናት የሆነ ሠርግ ላይ ያንቺን ቡቅሪ ቀምሳ ኖሮ፣ እሱ ይኑር ብላለች።" ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ ኮሶ መረራት።

እምቢ ማለት እችል ነበር። እምቢታ ግን አነሰብኝ።

"ደስ ይለኛል እትዬ። አንድ ነገር ብቻ፣ ፕላስቲኩ ከእርስዎ ቤት ይሁን። እርስዎ ግቢ መጥቼ አጥበዋለሁ። ሴቶቹም መጥተው ያግዙኝ።"

"የትኞቹ ሴቶች?"

"የታናሽዎ ጊዜ የነበሩት።"

አየችኝ። ሌላ ምርጫ አልነበራትም፤ "ይሁን" ብላ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢዋ ገባሁ። ሴቶቹ በርጩማ ላይ ተደርድረዋል፤ አማቴ ከዘራቸውን ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፕላስቲኩ በማዳበሪያ ተጠራቅሞ ቆይቷል። መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ሳሙናዬን፣ ሩዜን፣ ብሩሼን ደረደርኩ። ከዚያ አንድ አንድ እያነሳሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አሸተትኩ። ጮክ ብዬም ተናገርኩ።

"ይሄ ውሃ። ወደዚህ። ይሄም ውሃ። ይሄ... ዘይት ነው። ዘይት በሳሙና ይለቃል ይባላል፤ ሽታው ግን ለመጠጥ አይሆንም። ወደዚያ። ይሄ በረኪና ነው፣ ወደዚያ።"

"ታጥቦ እኮ ነው!" አለች እሷ።

"እትዬ፣ በረኪና የያዘ ፕላስቲክ ቢታጠብም አይጠጣበትም። ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል።"

ሌላ አነሳሁ። አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ሳል ያዘኝ፤ ግማሹ የእውነት ነው፣ ግማሹን ለሴቶቹ ጨመርኩበት።

"ይሄስ? እትዬ፣ ይሄ የትኋን መድኃኒት አይደለም እንዴ? ቤት ውስጥ ትኋን አለ?"

ሴቶቹ አንድ ላይ ፈነዱ። አንዷ፣ "እኔ እኮ ባለፈው እዚህ አድሬ ሳክክ ነው የሰነበትኩት!" አለች። ሌላዋ ቀሚሷን ስታራግፍ ሳቁ አዲስ ሆነ። የባሌ እህት ፊቷ እስከ አንገቷ ቀላ። እኔ ለምን እዋሻለሁ፣ ጣፈጠኝ። ያን ያህል የጣፈጠኝ ነገር በሕይወቴ ጥቂት ነው። የማልጠቀምበትን ክምር ሆን ብዬ መሃል ግቢ፣ ሁሉም የሚያየው ቦታ ላይ አደረግኩት። ቢላ አቀበልኳት።

"እነዚህን ለሁለት ይክፈሏቸው እትዬ፤ ነገ ሌላ ሰው ተሳስቶ እንዳይጠጣባቸው።"

"እኔ ልቁረጥ?"

"የእርስዎ አይደሉ?"

ተቀመጠች፤ መቁረጥ ጀመረች።

ነጭ ጋዝ የያዘው ሲመጣ ገና ሳላነሳው አወቅኩት። ክዳኑን ከፈትኩ። ተነሥቼ አማቴ ፊት ቆምኩ።

"እማዬ፣ የእኔ አፍንጫ ደከመ። እስቲ እርስዎ ያሽትቱልኝ።"

አሸተቱት። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩዋት።

"አንቺ፣ ይሄን ምን ታደርጊበታለሽ?"

ቢላውን እንደያዘች፣ ሳታስብ፣ "ጋዝ እይዝበታለሁ ነዋ" አለች። "ሲያልቅ አጥቤ እገለብጠዋለሁ፣ ከዚያ ለፈለግኩት አደርገዋለሁ። ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው።"

"ሁሌም?"

"ታዲያ ፕላስቲክ ልጥል ነው?"

ከሴቶቹ መሃል ያኔ ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው፣ "እንዴ፣ ታዲያ ያኔ ሽማግሌው የተፉት..." ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ አፏን ያዘች።

"የምን ያኔ?" አለች የባሌ እህት።

እኔ ነኝ የጨረስኩላት። "ያኔ ከቤትሽ ያመጣሽው" አልኳት። አንቺ ስላት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ማንም አልገሠጸኝም። "ነጭ ጋዝ ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ በሳሙናም በሩዝም አይወጣም። ሠርጎ ይገባል። መጠጡም ሽታውን የሚያገኘው ከዚያው ነው። የወተት ሻጭ ልጅ ብለሽ በሰው ፊት ስትሰድቢኝ ይሄን ታውቂው ነበር።"

"አላውቅም ነበር።"

"ጠረጴዛው ላይ ያቀረብሽው አንቺ እንደሆንሽስ?"

ቢላውን መሬት ላይ አስቀምጣ ቤት ገባች። "ይቅርታ" አላለችም፤ እስከ ዛሬም አላለችም። ሴቶቹ ግን አንድ በአንድ ተነሥተው ከጎኔ ቁጢጥ ብለው ያጥቡ ጀመር። ቀለበቶቹን እንዴት እንደማወጣ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። ከማዳበሪያው ለመጠጥ የሚሆን ጥቂት ነው የተረፈው፤ ሌላውን ከቤቴ አስመጣሁ። የውሃ ቢሆንም ሆዱ የተቧጨረውንና የተጣመመውን ጣልኩ። የቀረውን ጥላ ውስጥ ደፍተን አደረቅነው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ጠጡ፣ ደገሙ። ቡቅሪውን እየዞረች የምትቀዳው የባሌ እህት ነበረች፤ የልጅቷ እናት ናትና። ለእያንዳንዱ እንግዳ፣ "ማን ነው የሠራው?" እየተባለች ስሜን ስትጠራ ከጓዳ እየቆጠርኩ አዳመጥኳት። ወጥቼ ላግዛት እችል ነበር። አላገዝኳትም።

የቱላዎቹ ግን ይሄን ሁሉ አላዩም፤ እነሱ አልተጠሩም። እንሰቱ ሥር የተደፋው ነገር እንደተደፋ ነው፤ ማታ ስተኛ የሚቆረቁረኝ እሱ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከእኛ ጋር አልሄዱም። ለማንም ሳይናገሩ ባጃጅ ተሳፍረው ቱላ ወረዱ። ይሄን የነገረችኝ እዚያ የተዳረችው ትንሿ ልጃቸው ናት። እኚያ ያኔ የተፉት ትልቅ ሰው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር አለች። አማቴ ሳይቀመጡ፣ "ያ ነጭ ጋዝ የታላቋ ልጄ ነው። የምራቴ አልነበረም። ያኔ እኔም ዝም አልኩ" አሏቸው። ምሳ ብሉ ሲባሉ አልበላም አሉ። ከዚያ መንገዱ ዳር ቆመው ሌላ ባጃጅ አስቆሙ፤ ቤታቸው ገቡ።